የበርበሬ አጠውልግና ሌሎች የበርበሬ በሽታዎችና ተባዮች፤ አለያየታቸውና መከላከያቸው፣ ለማንኩሳ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ አካባቢ

መግቢያ

በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወምበርማ ወረዳዎች በርበሬ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ከሚያስገኙት ሰብሎች ዋነኛው ነው። በቆሎና ዳጉሳ በአብዛኛው ለቤት ፍጆታ ይውላሉ፤ ጤፍ ከፊሉ ይበላል፣ ከፊሉ ይሸጣል፤ በርበሬ ግን ከችግኝ መደቡ ጀምሮ ለገበያ ታስቦ የሚለማ ነው። ማንኩሳን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ይሆናል፤ የበርበሬ ነጋዴ ግን የሚያውቃት በዛላዋ ነው። ስለዚህ በነሐሴ ወር ማሳው እየተጠወለገ ሲሄድ ከገበሬው እጅ የሚወጣው የማዳበሪያው ዕዳ መክፈያ፣ የልጆች ልብስና የደብተር መግዣ ጭምር ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራር ነው። በዚህ አካባቢ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው አጠውልግ በመሆኑ ሰፋ ያለውን ቦታ የያዘው እርሱ ነው። ሌሎቹ በሽታዎችና ተባዮች ለመለየት በሚበቃ መጠን ተጠቅሰዋል።

የተጠወለገ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም

ገበሬው “በርበሬዬን አጠውልግ መታው” ሲል የልማት ሠራተኛው ወዲያውኑ የመድኃኒት ስም መጥራት አይገባውም። አጠውልግ የምልክት ስም እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ተክሉ የሚጠወልገው ከሥሩ ወደ ቅጠሉ ውሃ መድረስ ሲያቅተው ነው፤ ውሃውን የሚያግዱት ምክንያቶች ግን ቢያንስ አምስት ናቸው። ለአንደኛው የሚረዳው መድኃኒት ለሌላው ምንም አይሠራም። በየዓመቱ በከንቱ የሚረጨው መድኃኒት አብዛኛው የሚባክነው ይህ ልዩነት ሳይታወቅ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ወደ ማሳ ሲወጣ ስለት ያለው ቢላዋ፣ አንድ ንጹሕ ብርጭቆና ንጹሕ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አያሻም።

በመጀመሪያ ከማሳው ዳር ቆሞ የጉዳቱን አቀማመጥ ማየት ይገባል። የጠወለጉት ተክሎች ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ተሰብስበው ከታዩና ከዚያም በትልሙ አቅጣጫ ወደ ታች ከተዘረጉ በሽታው ከውሃ ጋር የሚጓዝ መሆኑን ይጠቁማል። እዚህም እዚያም ተበታትነው ከታዩ ፊውዛሪየም የተባለው ፈንገስ ወይም ምስጥ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ገና በመጠውለግ ላይ ያለ ተክል ተመርጦ ከነሥሩና ከነአፈሩ በዶማ ይነቀል። ፈጽሞ የደረቀ ተክል ለምርመራ አይጠቅምም፤ ምክንያቱም ከሞተ በኋላ ልዩ ልዩ ሻጋታ ስለሚወርረው ዋናውን ጠላት ለማወቅ ያስቸግራል።

የግንድ እግር ብስባሽ፦ ይህ በሽታ ፋይቶፍቶራ ካፕሲሲ በሚባል ነፍስ አካል ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተመርምሮ ስም የተሰጠው በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ የበርበሬ ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። ከአፈሩ ወለል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግንዱን እንደ ቀለበት የሚከብ ጥቁር ቡናማ ቁስል ይታያል። ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ይጠወልጋል፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ይደርቃል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ዘሮቹ በአፈር ውሃ ውስጥ እየዋኙ ከተክል ወደ ተክል ይሻገራሉ። ለዚህ ነው ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የሚበረታው። በሽታው ዱባንና ቲማቲምንም ያጠቃል።

የፊውዛሪየም አጠውልግ፦ ይህኛው ቀስ ብሎ የሚሠራ ፈንገስ ነው። መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ተክሉ በአንድ ጎኑ ብቻ ይጠወልጋል። ግንዱ በውጭ በኩል ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። በቢላዋ ከእግሩ ላይ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ግን ከልጡ ሥር ያለው የውሃ መተላለፊያ ቡናማ መስመር ሆኖ ይገኛል። ሞቃት አፈር ይስማማዋል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

የባክቴሪያ አጠውልግ፦ ተክሉ በቀትር ፀሐይ ይጠወልግና ሌሊቱን ያገግማል፤ ጠዋት ላይ ያየው ሰው ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን እንደ አረንጓዴ ይሞታል። የግንዱ ውስጥ እንደ ፊውዛሪየም ቡናማ ስለሚሆን በዐይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። እዚህ ላይ ነው ብርጭቆው የሚያስፈልገው። ከግንዱ እግር ላይ የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ተቆርጦ በንጹሕ ውሃ ከታጠበ በኋላ ጫፉ ብቻ ውሃውን እንዲነካ አድርጎ በብርጭቆው ላይ መያዝ ነው። ውሃው መናወጥ የለበትም። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ቀጭን የጢስ ክር ያለ ወተት መሰል ፈሳሽ ወደ ታች ሲወርድ ከታየ በሽታው የባክቴሪያ ነው። ይህን ሙከራ ገበሬዎች በተሰበሰቡበት ማሳየት ብዙ ከመናገር ይሻላል፤ ያየው ሰው አይረሳውም። የዚሁ ባክቴሪያ ዘመድ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብልን ልማት ከሥሩ እንዳናጋው ይታወሳል። ድንችንና ቲማቲምንም ስለሚያጠቃ የእነዚህ ሰብሎች ማሳ ለበርበሬ መመረጥ የለበትም።

ውሃ መተኛት፦ ዋልካ በሆነ መሬት ላይ ምንም በሽታ ሳይኖር ሥሩ አየር አጥቶ ሊታፈን ይችላል። ቁስልም ሆነ ቡናማ መስመር አይታይም፤ ሥሩ ግን ጠቁሮ ይሸታል። እንዲህ ያለው ተክል ውሃው በቶሎ ከተፈሰሰለት ሊያገግም ይችላል።

ምስጥ፦ ሥሩ ወይም የግንዱ ውስጥ ተበልቶ በአፈር ተሞልቶ ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የአጠውልግ መከላከያ

ከላይ የተዘረዘሩት ሦስቱ በሽታዎች አንዴ ተክሉ ውስጥ ከገቡ የሚያድናቸው መድኃኒት የለም። ይህን ለገበሬው በግልጽ መንገር ደስ የሚያሰኝ ባይሆንም ገንዘቡን ያድንለታል። ሜታላክሲል ያለባቸው መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ በሪዶሚል ስም የሚሸጡት፣ ገና ያልተያዘውን ተክል ከፋይቶፍቶራ ሊከላከሉ ይችላሉ፤ በፊውዛሪየምና በባክቴሪያ ላይ ግን አይሠሩም። በቅጠል ላይ የሚረጭ ፀረ ነፍሳት ደግሞ ለአንዳቸውም አይጠቅምም። አንድ ዐይነት መድኃኒት ደጋግሞ መጠቀም በሽታው እንዲለምደው ስለሚያደርግ ሜታላክሲልን በክረምቱ ውስጥ አሁንም አሁንም መርጨት አይመከርም።

እውነተኛው መከላከያ የሚጀምረው ከማሳ መረጣ ነው። በርበሬ በበርበሬ ላይ፣ እንዲሁም በድንች፣ በቲማቲም ወይም በዱባ ላይ መተከል የለበትም። በአካባቢው ለማፈራረቅ የሚመቹት ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ናቸው፤ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በእነዚህ ሰብሎች መቆየት ይገባል። መሬት ያነሰው ገበሬ ሦስት ዓመት መጠበቅ እንደሚከብደው ይታወቃል። ሆኖም ያለችውን መሬት ከፋፍሎ በርበሬውን በየዓመቱ ማዛወር፣ ሙሉውን ጥማድ በየዓመቱ በበርበሬ ከመሸፈን ይሻላል።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ነው። ችግኙ በሜዳ ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ትልም ጀርባ ላይ ቢተከል የግንዱ እግር ከውሃ ይርቃል። በትልሞች መካከል 70 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት መጠበቅ አየር እንዲያልፍና ቅጠሉ በቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። የጎጃም ገበሬ ፈሰስ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ ይህን አዲስ ትምህርት አድርጎ ማቅረብ አያስፈልግም። ማስተማር የሚያስፈልገው ፈሰሱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የላይኛው ማሳ ፈሰስ በታችኛው ጎረቤት በርበሬ መካከል ሲያልፍ በሽታውንም ይዞ ያልፋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ በዚህ ምክንያት ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ በጎረቤታሞች መካከልም ቅሬታ ይነሣል። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበሩና ቀበሌው በግንቦት ወር ላይ፣ መሬቱ ሳይረጥብ፣ የበርበሬ ማሳዎች የጋራ ፈሰስ በሣር በተሸፈነ መውረጃ ወደ ወንዝ እንዲሄድ ባለ ማሳዎቹን አስማምተው ቢያስወጡ ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ ጥቅም ይገኛል።

ሦስተኛው የሰው እጅና መሣሪያ ነው። በወንፈል ኩትኳቶ ጊዜ አንድ ቡድን በአንድ ቀን ከሁለትና ከሦስት ማሳ ይሠራል። በዶማና በእግር ላይ የተጣበቀው ጭቃ በሽታውን ያዛውራል፤ በኩትኳቶ የተቆረጠው ሥርም ለበሽታው በር ይከፍታል። ስለዚህ ጤነኛው ማሳ አስቀድሞ፣ የታመመው መጨረሻ መሠራት አለበት፤ መሣሪያውም ከማሳ ሲወጣ መታጠብ ይኖርበታል። መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ መኮትኮት፣ ከግንዱ አጠገብም በጥልቀት መቆፈር ተገቢ አይደለም።

የታመመ ተክል እንደታየ ከነሥሩ ተነቅሎ ከማሳው ውጭ መቃጠል ይገባዋል። ነቅሎ በፈሰሱ ውስጥ መጣል እጅግ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ለታችኛው ማሳ በሽታን በእጅ ማድረስ ነው።

የችግኝ መደብና ዘር

በሰኔ ለሚተከል በርበሬ ችግኙ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ይፈላል። መደቡ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ችግኙ በቅሎ ሳለ እግሩ ቀጥኖ በየቦታው ከወደቀ በአፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ እግሩን አበስብሶታል ማለት ነው። መንሥኤው ብዙ ጊዜ ዘሩን ማጨቅ፣ ማታ ውሃ ማጠጣትና የሣር ክዳኑን በጊዜው አለማንሣት ነው። ዘሩ በመስመር ተራርቆ ቢዘራ፣ ውሃ በጠዋት ቢሰጥና መደቡ በየዓመቱ ቦታ ቢቀይር ችግሩ በአብዛኛው ይወገዳል።

ዘርን በተመለከተ፣ ከገበያ የተገዛ ዛላ ፈልፍሎ መዝራት የቅጠል ነጠብጣብ ባክቴሪያንና የዛላ ብስባሽን አብሮ መዝራት ነው። ማረቆ ፋናና ባኮ ሎካል የተባሉት ዝርያዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በምርምር ከተለቀቁ ወዲህ በሀገሪቱ ተስፋፍተዋል፤ በተለይ ማረቆ ፋና በዛላው ትልቅነትና በቀለሙ ድምቀት ይፈለጋል። ከአጠውልግ ያመልጣሉ ተብሎ ግን ሊተማመኑባቸው አይገባም። ማኅበሩ የራሱን ዘር የሚያዘጋጅ ከሆነ ሰብሉ በማሳ ላይ ሳለ ጤነኞቹ ተክሎች በምልክት ተለይተው ዘር ከእነርሱ ብቻ ይወሰድ። ሙቀት መለኪያ ያለው ማሠልጠኛ ጣቢያ ዘሩን በ51 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፎ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አብርዶ በጥላ ቢያደርቀው በዘር ላይ ያለውን ባክቴሪያ ይቀንሳል። ሙቀት መለኪያ ከሌለ ግን ባይሞከር ይሻላል፤ ጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ዘሩ ይሞታል።

በቅጠልና በዛላ ላይ የሚታዩ በሽታዎች

በቅጠል ላይ መካከሉ አመድማ፣ ዳሩ ጥቁር ቡናማ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ከታየ ሰርኮስፖራ የሚባል ፈንገስ ነው፤ የእንቁራሪት ዐይን ስለሚመስል ለመለየት አያስቸግርም። ነጠብጣቦቹ ጥቃቅን፣ መጀመሪያ ውሃ የነካቸው መስለው ኋላ የሚጠቁሩና በዛላው ላይ እንደ ኪንታሮት የሚሻክሩ ከሆነ ባክቴሪያ ነው። ለመጀመሪያው ማንኮዜብ ሲረዳ ለሁለተኛው መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች በተወሰነ ደረጃ ይረዳሉ። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ በማሳው ውስጥ መመላለስ ሁለቱንም ያዛምታል።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ፣ በቅጠሉ ጀርባ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ፣ በላይ በኩል ደግሞ ቢጫ ቦታ ይታያል። ይህ ፓውደሪ ሚልዲው ነው። ገበሬው “ዝናብ ስላቆመ ቅጠሉ ረገፈ” ብሎ ስለሚያስብ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ዛላው በፀሐይ ይቃጠልና ነጭ ይሆናል፤ ነጭ ዛላ ደግሞ ዋጋ ይቀንሳል። ድኝ ያለበት መድኃኒት የሚረዳው ምልክቱ ገና በጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ነው።

በሚቀላ ዛላ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለው የጎደጎደ ቁስል አንትራክኖስ ይባላል። እንዲህ ያለው ዛላ በማሳው ላይ ሳለ ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ ከጤነኛው ጋር በአውድማ ላይ ከተቀላቀለ መለየቱ አድካሚ ነው።

ቅጠሉ ተጨማድዶ አረንጓዴና ቢጫ የተዥጎረጎረ፣ ተክሉም የቀጨጨ ከሆነ ቫይረስ ነው። በርበሬን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዱ በሀገራችን ስም ኢትዮጵያን ፔፐር ሞትል ቫይረስ ተብሎ የተሰየመ ነው። የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው፤ ተክሉን በአፉ ወግቶ ለመቅመስ በሚወስድበት አጭር ጊዜ ቫይረሱን ስለሚያስተላልፍ መድኃኒት እስኪገድለው ድረስ ጉዳቱ ተፈጽሟል። በማሳው ዙሪያ ሁለትና ሦስት መስመር በቆሎ ቀደም ብሎ መዝራት ግን ክሽክሹ መጀመሪያ በበቆሎው ላይ እንዲያርፍና አፉን እንዲያጸዳ ያደርገዋል። የታመመው ተክል በጊዜው ይነቀል።

ተባዮች

ቆራጭ ትል የተተከለውን ችግኝ ሌሊት ከእግሩ ይቆርጠዋል። ጠዋት ከተቆረጠው ችግኝ አጠገብ አፈሩ ሲጫር ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ለቅሞ መግደል ነው። ማሳው አስቀድሞ ታርሶ ለፀሐይና ለወፍ ከተጋለጠ ቁጥሩ ይቀንሳል።

ጓይ ትል በሽምብራና በበቆሎ የሚታወቀው ትል ነው። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ሐምራዊ ሊሆን ስለሚችል በቀለሙ መለየት ያሳስታል። ቃሪያውን በእጀታው አጠገብ በስቶ ይገባል፤ በቀዳዳው ውሃ ሲገባ ቃሪያው ይበሰብሳል። ከገባ በኋላ መድኃኒት አይደርስበትም። ስለዚህ አበባ ከታየ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን በማሳው አምስት ቦታ፣ በየቦታው አሥር አሥር ተክል መመርመር ያስፈልጋል። ከ50ው በጥቂቱ ላይ ብቻ ከተገኘ በእጅ መልቀም ይበቃል፤ በብዛት ከታየ ትሉ ትንሽ ሳለ ለበርበሬ የተፈቀደ ፀረ ነፍሳት ይረጫል።

መድኃኒት ስለ መለካት

በቆርቆሮ ክዳን እየሰፈሩ መርጨት ወይ መድኃኒቱን ያባክናል፣ ወይ ሰውን ይጎዳል። ልኬቱ ቀላል ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በማሳው ላይ ይለካ። መርጫው ላይ 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተጨምሮ በተለመደው እርምጃ ይረጭ፤ የቀረውም ይለካ። ለምሳሌ 5 ሊትር ከወጣ ለአንድ ሄክታር 500 ሊትር ያስፈልጋል፤ 15 ሊትር የሚይዝ መርጫ ደግሞ 300 ካሬ ሜትር ያዳርሳል ማለት ነው። በመድኃኒቱ መለያ ላይ ለአንድ ሄክታር 2.5 ኪሎ ግራም የሚል ከሆነ ለአንድ መርጫ 75 ግራም ይደርሳል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብለን ከወሰድን ለጥማዱ 625 ግራም ያስፈልጋል።

መለያ የሌለው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ በገበያ የሚሸጥ መድኃኒት ማኅበሩ ፈጽሞ መግዛት የለበትም። በመለያው ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት ይጻፋል፤ ቃሪያ ለገበያ የሚለቅም ገበሬ ይህን በተለይ ማወቅ አለበት። ንብ በሚበዛበት በዚህ አገር ርጭቱ ከቀትር በኋላ፣ ንቦች ወደ ቀፎ ሲመለሱ ይሁን። መርጫው በላህም ሆነ በሌላ ወንዝ ውስጥ መታጠብ የለበትም።

ከለቀማ በኋላ

በማሳ የተረፈው ዛላ በአውድማ ላይ እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፤ በሰሌን፣ በሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተሰጥቶ ማታ ማታ መሸፈን አለበት። ሲያንቀሳቅሱት ፍሬው በውስጡ ሲንኮሻኮሽ ደርቋል ማለት ነው።

ከጆንያ ሲጨመር እንዳይሰባበር ወይም እንዲከብድ ተብሎ ውሃ የሚያርከፈክፉ አሉ። በረጠበው ዛላ ውስጥ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ አይታይም፤ በርበሬው ቢቆላም ቢፈጭም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ አፍላቶክሲን ካገኘ ጭነቱን አይቀበልም። ይህን ያህል ጥቂት መርዝ የአንድ ማኅበር ሙሉ ጭነት ለማስመለስ ይበቃል፤ ያርከፈከፈው ግን ምናልባት አንድ አባል ብቻ ነው። ማኅበሩ በርበሬ ሲረከብ እያንዳንዱን ጆንያ ከመካከሉ ከፍቶ ማየትና የረጠበውን መመለስ ይኖርበታል።

ናሙና ስለ መላክ

በብርጭቆውና በቢላዋው ሙከራ ያልተለየ በሽታ ሲያጋጥም ናሙና ወደ አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል። በመጠውለግ ላይ ያሉ ሦስት ወይም አራት ተክሎች ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው ይነቀሉ። ሥሩ ከነአፈሩ በላስቲክ ይታሰር፤ ቅጠሉና ግንዱ ግን በጋዜጣ ወረቀት ይጠቅለል፤ በላስቲክ ከታፈነ በመንገድ ላይ ይበሰብሳል። ቀበሌው፣ የተተከለበት ቀን፣ ዝርያው፣ ከዚህ በፊት በማሳው ላይ የነበረው ሰብል፣ ጉዳቱ በማሳው ላይ ያለው አቀማመጥና እስካሁን የተረጨው መድኃኒት በእርሳስ ተጽፎ አብሮ ይላክ፤ በብዕር የተጻፈ በእርጥበት ይጠፋል። ናሙናው ቅዳሜና እሑድ በመንገድ ላይ እንዳይቆይ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢላክ ይመረጣል።